ቅንጭብ አጥሩ ውስጥ የተንኮሻኮሸው ጅብ ነው ወይስ ሰው? እንከራከርበት

ጠያቂው (ጎንደር ከተማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ አጎቴን ልጠይቅ ወገራ ሄጄ ነበር፤ መንደሩ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ይላል። ሌሊት ውሾች ጮኹ። አህያዋ ደነበረች። አጎቴ ክላሹን አንስቶ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ቅንጭቡ አጥር ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። "ጅብ ነው" አለና ሁለት ጊዜ ተኮሰ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ጠዋት የደም ምልክት ፈለግን። የለም። ከአጥሩ ማዶ ግን የቆሎ ተማሪዎች ጎጆ አለች። የጭቃ ግድግዳዋ ተበስቷል። ቀዳዳው ልጆቹ ከሚተኙበት መደብ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ማንም አልተነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አቋሜ ይኸው። ሙሉ አካሉን ያላየነው አውሬ ላይ አይተኮስም። ከጀርባው ምን እንዳለ ካላወቅንም አይተኮስም። አጥርም ይሁን ቁጥቋጦ፣ የማሽላ ማሳም ይሁን ጨለማ፣ ያው ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የጭልጋ ገበሬ፦
ወንድሜ፣ ከተማ ቁጭ ብሎ መናገር ቀላል ነው። እኔ ሁለት አህያ ጅብ በልቶብኛል። አህያ ለእኔ ውኃ መቅጃዬ ነው፣ እህሌን ገበያ ማድረሻዬ ነው። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ አይጠብቀኝም። በጨለማ ይመጣል፣ በአጥር ሾልኮ ይሸሻል። ሙሉ አካሉ እስኪታየኝ ከጠበቅሁ ጠዋት የማገኘው የአህያዬን አጥንት ነው። ደግሞ በዘፈቀደ አልተኩስም። ባትሪ አበራለሁ፣ ዓይኑ ቦግ ሲል አያለሁ። ዓይኑን ካየሁ ሌላ ምን ቀረኝ?

ጡረተኛው ስካውት (ደባርቅ)፦
በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ልጄ፣ የአህያህ ነገር ይገባኛል። ግን ስለ ዓይኑ አንድ ነገር ልንገርህ። በባትሪ የጅብ ዓይን ያበራል። የውሻም ያበራል። የላምም፣ የበግም፣ የራስህ አህያም ያበራል። የሰው ዓይን ግን እንደዚያ አያበራም። ባትሪው እዚያ እንስሳ እንዳለ ይነግርሃል። ሰው እንደሌለ ግን አይነግርህም። እረኛው ከበጎቹ ጋር ቢሆን የምታየው የበጎቹን ዓይን ብቻ ነው።

ቅርንጫፉም አለ። ጥይት ጭራሮ ሲነካ እንኳ ይንገዳገዳል፣ መንገዱን ይስታል። ቅርንጫፉ አውሬው አጠገብ ከሆነ ስሕተቱ ጥቂት ነው። ቅርንጫፉ ለአንተ ቀርቦ አውሬው ከራቀ ግን የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ድንጋይ ካገኘ ይነጥራል። አገራችን ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ ነው።

አደን ወዳዱ (ጎንደር ከተማ)፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። መንገዱን የሚስተው ቀላል ጥይት ነው። ከባዱ፣ የድሮው ምንሽር ዓይነት፣ ቁጥቋጦ ሰንጥቆ ያልፋል። አባቶቻችንስ በእሱ አይደል ያደኑት?

ጡረተኛው ስካውት፦
ከባዱም ይስታል። ልዩነቱ ሰው የሚተማመንበት ያህል አይደለም። ደግሞ ማለፉ ራሱ ነው የሚያስፈራኝ። አውሬውን ስቶ ካለፈ ማን ያቆመዋል? የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ ከ700 ሜትር በላይ ይጓዛል። የሚጋርደው ካላገኘ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፈሙዝ የወጣው አፋፉንም አልፎ ይሄዳል። አባቶቻችን ሰው በሌለበት በረሃ፣ በቀን፣ ዱካ ተከትለው ነው ያደኑት። አሁን እያወራን ያለነው ስለ መንደር ነው።

ስቶ ያቆሰለውንም አስብ። የቆሰለ ነብር ጫካ ውስጥ ይተኛል። ጠዋት እንጨት ለመልቀም የሚገቡት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

የአዘዞ እናት፦
እኔ ከአጥሩ ማዶ ያለሁት ሰው ነኝ። ማኅሌት ለመድረስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ጋቢ ተከናንቤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በአጥር ጥግ ጥጉን እሄዳለሁ። ልጄ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ነው። ውሻ ሲያባርራቸው የሚጠጉት አጥር ነው። እዚያ ሲንኮሻኮሽ ልጄ መሆኑን ተኳሹ በምን ያውቃል? አህያ ያሳዝናል። እኔም አህያ ሞቶብኝ አልቅሻለሁ። ግን እባካችሁ፣ ድምፅ ላይ አትተኩሱ።

የሕግ ባለሙያው (ጎንደር)፦
ሰው ተመትቶ "ጅብ መስሎኝ ነው" የሚል መከላከያ ይሰማል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስለ ፍሬ ነገር ስሕተት በአንቀጽ 80 ይናገራል። በእውነት ጅብ ከመሰለህ ሆን ብለህ ገደልክ አትባልም። ግን ጥንቃቄ ብታደርግ ስሕተቱን ማስቀረት ትችል ከነበረ በቸልተኝነት ትጠየቃለህ። በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ እንደ ሁኔታው ይከብዳል። በአጥር ውስጥ ያለየኸው ነገር ላይ ተኩሰህ "ተጠንቅቄ ነበር" ማለት በጣም ይከብዳል።

አውሬው ሰው ላይ ከመጣና ሌላ ማምለጫ ከሌለ ግን ነገሩ ይለያል። ሕጉ አንቀጽ 75 ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ቦታ ሰጥቷል። አደን ወዳዱ ወንድሜም ይህን ይስማኝ። የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። መሣሪያውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፣ የዱር እንስሳቱን የሚመለከተው ደግሞ ሌላ አዋጅ ነው። ያለ ፈቃድ ማደን በራሱ ወንጀል ነው።

የጭልጋ ገበሬ፦
አንቀጹን ሰማሁ። አህያዬን የሚተካልኝ አንቀጽስ የትኛው ነው?

የሕግ ባለሙያው፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። አጥጋቢ መልስ ግን የለኝም። የአንድ ገበሬ ዓመት በአንድ ሌሊት ሲበላ መንግሥት ዝም ማለት አልነበረበትም። እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

ጡረተኛው ስካውት፦
የእኛን ወገን ችግርም ላንሳ። ሰሜን ተራሮች ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለም፤ የደረሱት 500 እንኳ አይሞሉም። ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ተራው ቀበሮ ግን ግልገል ይወስዳል። በገላጣ ሜዳ ሁለቱን መለየት አይከብድም፤ ቀዩ ረጅም እግር አለው፣ ጉሮሮው ነጭ ነው። በጓሳ ሣር ውስጥ ጀርባው ብቻ ሲታይህስ? እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ። በእጄ የነበረው ግን ጠመንጃ ሳይሆን አቅራቢ መነጽር ነበር።

አህያን ከጅብ የሚያተርፋት በረት ነው። የድንጋይ ካብ ከሰው ቁመት በላይ ይሁን፣ በላዩ እሾህ ይጣልበት፣ በሩ በጣውላ ይዘጋ። ጅብ ከሥር ይቆፍራል፣ ስለዚህ መሠረቱ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ይቀበር። አህያ ሌሊት ውጭ አትደር። ውሻ፣ ባትሪ፣ የጅራፍ ጩኸት፣ ቆርቆሮ መደብደብ ጅብን ያሸሻሉ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ግን ያሸሻሉ።

የጭልጋ ገበሬ፦
ካቡን እሠራለሁ። ድንጋዩ ሞልቷል፣ ጉልበት ነው የጎደለኝ፤ ደቦ እጠራለሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ነብር ልጅ ይዞ ቁጥቋጦ ቢገባስ? ያኔም አትተኩስ ትሉኛላችሁ?

ጡረተኛው ስካውት፦
ልጄ፣ ያኔ ልጁም እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ጥይትህ ማንን እንደሚያገኝ አታውቅም። ጩኸህ፣ ጎረቤት ጠርተህ፣ ዱላና ችቦ ይዘህ ግባ። አውሬው ገላጣ ላይ ለብቻው ከወጣልህ፣ ከጀርባው ገደል ወይም አፈር ካለ፣ ያኔ ተኩስ።

አደን ወዳዱ፦
ስለ ከባዱ ጥይት ያልኩትን አንስቻለሁ። የቆሎ ተማሪዎቹ ግድግዳ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ጠያቂው፦
አጎቴን ዛሬ በስልክ አገኘሁት። መጀመሪያ ተቆጣ። "አንተ ነህ ጠመንጃ የምታስተምረኝ?" አለኝ። ስለ ዓይኑ ጋሼ ያሉትን ስነግረው ግን ዝም አለ። ከዚያ ልጆቹን ጠየቀኝ፤ ደህና ናቸው ወይ አለ። ጎጆዋ በምትታይበት በኩል ያለውን ቅንጭብ ቅዳሜ ሊመነጥር ነው። እኔም እሄዳለሁ። የበረቱን ካብ አብረን እናነሳለን። የአዘዞዋ እናቴ፣ ግድግዳውንም መርገን እንመለሳለን።