ሠራዊት ያዘዘ ሰው አገር መምራት አያቅተውም?

ጠያቂ፦ የሐዋሳ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና አጎቴ ሰሞኑን ክርክር ገጥመናል። እሱ «ሺህ ወታደር ያዘዘ ሰው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ማዘዝ አያቅተውም» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ደርግ እየሰማሁ ያደግሁ ስለሆንኩ ወታደር ወደ ቤተ መንግሥት አይጠጋ አልኩ። ከጄኔራልነት ተነስቶ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነውን አይዘንሃወርን ጠቅሶ አፌን አስያዘኝ። እስኪ የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፦ ቀበና
አጎትሽ ልክ ናቸው። በዚህ አገር ስብሰባ በሰዓቱ የሚጀምር ወታደር ብቻ ነው!

መልስ፦ ጡረተኛው መቶ አለቃ
ልጄ፣ እኔ በምድር ጦር ስንቅና ትጥቅ ውስጥ ነው ያገለገልኩት፤ ስለዚህ ወታደር አልጠላም። ግን ወታደር ሁሉ አንድ ሥራ አይሠራም።

አይዘንሃወር ሊመረጥ ሲል ከእሱ በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት ትሩማን «እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህን አድርጉ፣ ያን አድርጉ ይላል፤ ምንም አይሆንም» እያለ ያሾፍ ነበር ይባላል። አይዘንሃወር ግን በ1944 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ላይ ጦር ለማሳረፍ ሲዘጋጅ ከእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ጋር ሲነታረክ፣ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልን ሲያግባባ፣ ከፈረንሳዩ መሪ ደ ጎል ጋር ሲደራደር ነው የከረመው። እነዚህን ሰዎች «ተጠንቀቅ!» ብለሽ አታቆሚያቸውም። ዘመቻው ቢከሽፍ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው የሚል ማስታወሻም አስቀድሞ በእጁ ጽፎ ይዞ ነበር። አጎትሽ ይህን ጄኔራል ቢጠቅሱ አልፈርድባቸውም።

ግራንትን ግን ጠይቂያቸው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሰሜኑን ጦር መርቶ የደቡቡን ጄኔራል ሊን አፖማቶክስ በተባለ ቦታ እጅ ያሰጠ ጀግና ነው። ከ1869 እስከ 1877 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሲሆን የጦር ሜዳ ጓዶቹን ጽሕፈት ቤቱ ሰበሰበ። በውስኪ ቀረጥ ምዝበራ የተከሰሰው ጸሐፊው ባብኮክ ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ አብሮት የነበረ መኮንን ነው። ግራንት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ የምስክርነት ቃሉን ሰጠለት፤ ሰውየውም ነፃ ወጣ። ጓዱን የማይከዳ መኮንን ጦር ሜዳ ላይ ይመረቃል። ግምጃ ቤት ሲጠብቅ ግን ያው ጠባይ አገር ያስበላል።

ከእኛ ደግሞ ጄኔራል አማን አንዶም አሉ። በ1956 ዓ.ም በሶማሊያ ድንበር ውጊያ ሦስተኛ ክፍለ ጦርን መርተው «የበረሃው አንበሳ» የተባሉት። መስከረም 1967 የደርግ ሊቀመንበር ተደረጉ፤ የኮሚቴው አባል ግን አልነበሩም። ከፊታቸው የተቀመጡት ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ፣ ከመቶ በላይ ሰዎች ናቸው። የሌተና ጄኔራል ኮከብ እዚያ አዳራሽ አንድ ድምፅ አይገዛም። የኤርትራ ጉዳይ በንግግር ይለቅ፣ ተጨማሪ ጦር አይላክ ቢሉ ሰሚ አጡ። ኅዳር 14 ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ። ያን ዕለት ሌሊት የተረሸኑትን ባለሥልጣናት ታውቂያለሽ።

ትንሽም ልጨምር። በሰፈራችን እድር አንድ ኮሎኔል ሊቀመንበር ተደርገው ነበር፤ ስማቸው ይቅር። በመጀመሪያው ስብሰባ «ድንኳኑ በአስቸኳይ ይጠገን!» ብለው ቆባቸውን አድርገው ወጡ። ድንኳኑ እንደተቀደደ ክረምቱ ገባ። በኋላ የጠገነችው ገንዘብ ያዣችን ናት፤ በየቤቱ ቡና እየጠጣች፣ የተኳረፉትን እያስታረቀች መዋጮውን ሰበሰበችው። ማዕረግ የላትም።

መልስ፦ ከዋሽንግተን
ጋሼ መቶ አለቃ፣ በአማን አይፈረድም፤ ሁለት ወር ምናምን ናቸው የቆዩት። መንግሥቱስ? እሱም የሦስተኛ ክፍለ ጦር መኮንን ነበር፤ ሊቀመንበር ሆኖ 14 ዓመት ገዛ።

መልስ፦ ጡረተኛው መቶ አለቃ
በአማን አልፈረድኩም፤ ከዚያ ኮሚቴ ውስጥ ደህና ሐሳብ የነበራቸው እሳቸው ይመስሉኛል። መንግሥቱ ኮሚቴውን ከውስጥ ነው የያዘው፣ ማን ማንን እንደሚፈራ እያጠና። ይህን ሐረር ጦር ግምጃ ቤት አላስተማሩትም።

መቆየቱን ደግሞ መምራት አትበለው። ግንቦት 8 ቀን 1981 ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበር ሊገለብጡት የተነሱት የራሱ ኤታማዦር ሹም መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ አምሃ ደስታ ናቸው። ስንት ጦር ያዘዙ ሰዎች መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው ሲመክሩ ሕንፃው ተከበበ። መርዕድና አምሃ እጃቸውን አልሰጡም፤ ራሳቸውን አጠፉ። ጦር ሜዳ ቢሆን አንድ ሻምበል እንኳ ጠባቂ ሳያቆም እንዲያ አይቀመጥም ነበር።