የ8 ወር ልጄ ምግብ ላይ ዘይት ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ?

የሚጣ እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም እናቶችና አባቶች። ሚጣዬ 8 ወር ሞላት። 6 ወሯ ላይ 7.1 ኪሎ ነበረች፣ ትናንት ስትመዘን 7.4። በሁለት ወር 300 ግራም ብቻ! ጡት ትጠባለች፣ ምግብ በቀን ሦስቴ እሰጣታለሁ። ጠዋት የአጃ ገንፎ በውኃ፣ ቀን ድንችና ካሮት ቀቅዬ እፈጭላታለሁ፣ ማታ ያው ገንፎ። ሐኪሟ ካርዷን አየችና «ምግቧ ውስጥ ቅባት የሚባል የለም፣ ጨምሪበት» ብላኝ ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። የትኛውን፣ ስንት፣ መቼ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ቤት ስገባ ደግሞ አማቴ «ዘይት ለሕፃን ሆድ ይከብዳል፣ ያስቀምጣታል» አሉኝ። እኔም ከወለድኩ ወዲህ ለራሴ ዘይት ስለቀነስኩ እጄ እንቢ አለኝ። ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

የመንታዎቹ እናት፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የራስሽን ወተት አስቢው። ጡት ወተት ከሚሰጠው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከቅባት ነው። ሚጣ ከተወለደች ጀምሮ ቅባት ስትፈጭ ነው የከረመችው፣ ለአማትሽ ይህንኑ ንገሪያቸው። እኔ ገንፎው ከእሳት ወርዶ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ነው የወይራ ዘይት ጠብ አድርጌ የማማስለው። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ሙሉ። ተቅማጥ አላየሁም። እንዲያውም አንደኛዋ ድርቀት ነበረባት፣ ለቀቃት።

ነጭ ጋዎን፦
የሕፃናት ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ ዘይቱ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገንፎዋን በማንኪያ አንሥተሽ ማንኪያውን ስታዘነብዪው ይፈስሳል ወይስ ተይዞ ይቆያል?

የሚጣ እናት፦
ኧረ ይፈስሳል ሲስተር። እንዳያንቃት ብዬ አቀጥነዋለሁ። እንደ ሾርባ ነው ማለት ይቻላል።

ነጭ ጋዎን፦
እንግዲያው ችግሩ ግማሹ ውኃው ነው። የሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ግራም ያህል ነው። ለሚጣ ሲሰላ ከአንድ መካከለኛ ብርጭቆ ብዙም አያልፍም። ያንን በውኃ ከሞላሽው ጠገብኩ ብላ ፊቷን ታዞራለች፣ ጉልበት ግን አላገኘችም። ቅባት የሚመከረውም ለዚህ ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል፣ አንድ ግራም ስኳር፣ ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወደ 40 ካሎሪ ነው፣ ሆዷ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን ከምንም አይቆጠርም። ደግሞ ጥሩነቱ፣ ወፍራም ገንፎ ዘይት ሲገባበት ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ለመዋጥ አይከብዳትም። በውኃ ፋንታ የታለበ የጡትሽን ወተትም ማማሰያ ማድረግ ትችያለሽ። ገንፎው ማንኪያ ላይ ተይዞ ይቁም።

የሁለት ልጆች አባት፦
የትኛው ዘይት የሚለው ላይ እኔም ተወዛግቤ ነበር። ሰው ሁሉ የኮኮናት ዘይት ነው የሚያወድሰው፣ ውድም ቢሆን ገዛሁ። ባለሙያ ካለ ይንገረን። ሌላው፣ እኛ ቤት ስኳርና ውፍረት በዘር ስላለ ለትንሹ፣ ለ14 ወሩ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተት ነው የምሰጠው። ከአሁኑ ይልመድ ብዬ።

ምግብና ልጅ፦
ወንድሜ፣ ከወተቱ ልጀምር፣ እሱን ዛሬውኑ ቀይርለት። ልጅ 2 ዓመት እስኪሞላው የሚጠጣው ወተትና የሚበላው እርጎ ቅባቱ ያልወጣለት ይሁን። በነዚህ ሁለት ዓመታት አንጎል እያደገ ያለው በሩጫ ነው። የነርቭ ጭራዎች የሚሸፈኑበት ነገር አብዛኛው ቅባት ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ ከቀን ጉልበቱ ከ30 እስከ 40 በመቶውን ከቅባት ቢያገኝ ተገቢ ነው። የአዋቂ ሰው አመጋገብ ሕፃን ላይ አይሠራም። ስለ ውፍረት ከሰጋህ ጣፋጭ መጠጡንና ብስኩቱን ቀንስ።

ስለ ኮኮናት ዘይቱ፣ መርዝ አይደለም። ግን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋውና ሲበዛ ለልብ የማይመከረው ቅባት ስለሆነ ዋናው ባይሆን ይመረጣል። ቅቤም እንዲሁ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ቢገባ ችግር የለውም። ለየዕለቱ ግን የወይራ፣ የካኖላ፣ የአኩሪ አተር ዘይት ይሻላል። ካኖላና አኩሪ አተር ኦሜጋ 3 የሚባለው ለሰውነት የሚያስፈልግ የቅባት ዓይነትም አላቸው። ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ አይደለም።

የሚጣ እናት ሆይ፣ ካሮት ትሰጫታለሽ አላልሽም? ካሮት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ዲ፣ ኢና ኬም ያው ናቸው። ስለዚህ ካሮቱ ላይ ያልጨመርሽው ዘይት የካሮቱንም ጥቅም ቀንሶብሻል።

የሚጣ እናት፦
ወይኔ! ይህን ማንም አልነገረኝም። ከዘይት ሌላስ?

የመንታዎቹ እናት፦
አቮካዶ! ምጣድም እሳትም አያስፈልገውም። በሹካ ጨፍልቀሽ በጡትሽ ወተት ታቀጥኝዋለሽ። የኔዎቹ ፀጉራቸውን ሁሉ ቀቡት፣ ማጠቢያ ጨርቅ አዘጋጂ።

ምግብና ልጅ፦
አቮካዶ ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ ላይ አትቁሚ። በደንብ የበሰለ እንቁላል ከነአስኳሉ ስጫት፣ አስኳሉ ውስጥ ቅባቱም ለአንጎል የሚሆነው ኮሊንም አለ። በሳምንት አንድ ሁለቴ ደግሞ ቅባት ያለው ዓሣ፣ ለምሳሌ ሰርዲን ወይም ሳልሞን፣ እሾሁ አንድም ሳይቀር ተለቅሞ። የቆርቆሮ ከሆነ ጨው ያልበዛበትን ምረጪ። ዓሣው የሚፈለገው ዲኤችኤ ለሚባለው ኦሜጋ 3 ነው፣ የአንጎልና የዓይን ቅባት ነው። ተልባና ዎልነት ውስጥም ኦሜጋ 3 አለ፣ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ሰውነት ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ከሱ ጥቂቱን ነው። ተልባ ከሰጠሻትም ተፈጭቶ ይሁን፣ ፍሬው እንዳለ ከገባ እንዳለ ነው የሚወጣው። ሻርክን፣ ሰይፍ ዓሣንና መሰል ትላልቅ አዳኝ ዓሣዎችን ተዪያቸው፣ ሜርኩሪ ያጠራቅማሉ።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ ለትልቁ 2 ዓመት ሲሆነው የተቆላ ኦቾሎኒ በእፍኝ እሰጠው ነበር። ቅባትም አለው መቼም።

ነጭ ጋዎን፦
ኧረ ወንድሜ! ሙሉ ፍሬው ከ5 ዓመት በታች አይሰጥም። እኔ ተረኛ ሆኜ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ በአባቱ ክንድ የገባ ልጅ አይቻለሁ። ተረፈ፣ ግን ያቺን ሌሊት አልረሳትም። በማንኪያ ተዝቆ የሚሰጥ የኦቾሎኒ ቅቤም ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። በሙቅ ውኃ ወይም በወተት አቅጥነሽ ገንፎው ውስጥ አዋሕጂው፣ ስኳርና ጨው ያልገባበትን። «አለርጂ ያመጣል» ብለው የሚያዘገዩት ደግሞ ተሳስተዋል። በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት አለርጂ ሊይዛቸው ይችላል ተብለው የተፈሩ ሕፃናት ከመጀመሪያው ዓመታቸው ጀምረው ኦቾሎኒ ሲበሉ አለርጂው በብዙ እጅ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሚጣ ከባድ ኤግዚማ (ቆዳን የሚያደርቅና የሚያሳክክ ሕመም) ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለባት ግን ከመጀመርሽ በፊት ሐኪሟን ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። በተደጋጋሚ የተጠበሰበት ዘይት፣ የታሸገ ጥብስ፣ ደረቅ ማርጋሪን ለልጅ የቅባት ምንጭ አይሆኑም። ጥቅሉ ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት» የሚል ካየሽ ትራንስ የሚባለው ልብን የሚጎዳ ቅባት አለበት ማለት ነው፣ መልሺው። ሰገራዋ ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ በጣም የሚሸት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነና ክብደት አልጨምር ካለች ደግሞ ሰውነቷ ቅባት እየወሰደ ላይሆን ይችላል። ያኔ ዘይት ከመጨመር ይልቅ ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው።

የሚጣ እናት (ከአራት ሳምንት በኋላ)፦
ተመልሼ መጣሁ። ሚጣ 7.8 ገባች! ገንፎው ወፍሯል፣ ቀን ካሮቱ ላይ ዘይት፣ ማታ አስኳል ወይም አቮካዶ። ሰርዲኑን ሦስት ጊዜ ተፋችው፣ በአራተኛው ድንች ውስጥ ደብቄ አስበላኋት። አሁን የቀረኝ ችግር አማቴ ናቸው። ክብደቷን ካዩ በኋላ እኔ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ዞር ስል እሳቸው ደግሞ ሌላ ይጨምራሉ፣ ትናንት ገንፎው ላይ ዘይቱ ተንሳፎ አገኘሁት።

ነጭ ጋዎን፦
እንኳን ደስ አለሽ! ለእማማ እንዲህ በያቸው፦ ዘይት ጉልበት አለው እንጂ ብረትም ዚንክም ፕሮቲንም የለውም። በዘይት ከጠገበች እንቁላሉንና ሥጋውን ትተዋለች። ለአንድ ሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ አስኳል ወይም አቮካዶ ባለበት ሳህን ደግሞ ዘይቱ ይቅር። ማንኪያውንም ለሳቸው ስጫቸውና እሳቸው ብቻ ይለኩ፣ ሁለት ሰው ሲጨምር ነው የሚበዛው።