የማስተርስ ተማሪ የጽሑፍ አማካሪ ይሁን? ጎንደር ላይ የተነሳ ክርክር

አቅራቢው፦ የሰሞኑ ጭቅጭቃችን እዚህ ይለይለት። የማስተርስ ተማሪዎችን አሠልጥኖ በጽሑፍ ማዕከል ሌሎች ተማሪዎችን እንዲያማክሩ ማድረግ ያዋጣል? አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ያደርጋሉ። ተማሪው ረቂቁን ይዞ ይመጣል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ አማካሪው እያዳመጠ ይጠይቃል። እስክሪብቶው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። እኔ ያዋጣል ባይ ነኝ።

የእንግሊዝኛ መምህር፦ ወንድሜ፣ የራሱ ቴሲስ እንቅልፍ የነሳውን ልጅ ነው አማካሪ የምታደርገው? የማስተርስ ተማሪ ያለው ሁለት ዓመት ነው። አንዱን ሴሚስተር ሥልጠና በላው እንበል፤ ቀጥሎ ኮርስ ያጣድፈዋል፣ ከዚያ ዳታ ሊሰበስብ ደምቢያ ይወርዳል። መቼ ሊያገለግል ነው? ሥራው የእኛ ነው። የክፍሉን ተማሪ ቁጥር ይቀንሱልንና እንሥራው።

የማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ጋ እስክንደርስ ነው ችግሩ። እኔ ሦስተኛውን ምዕራፍ ስድስት ሳምንት ጠብቄ ሳገኘው ዳር ላይ በቀይ «ይስተካከል» ይላል። ምኑ? ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄው ልጁ በእጁ እንኳ ሳያገላብጠው «ሙሉውን ልሥራልሽ?» አለኝ። ያዳነችኝ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ ትምህርቷ ከእኔ ጋር አይገናኝም። አንዱን አንቀጽ አስነብባኝ «ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። በአፌ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። «እሱን ጻፊዋ!» አለች። በቃ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እናንተ ሰዎች፣ ይህንን ከአሜሪካ ነው የምታመጡት? ቅኔ ቤት ተማሪው ጉባኤ ቃናውን፣ ሁለት ቤት የሆነችውን፣ ሲቆጥር ውሎ ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪውም ራሱ ተማሪ ነው፤ ገና መምህሩ እግር ሥር ነው ያለው።

መምህሩ፦ ጥሩ አመጣህ፤ ግን ራስህን ነው የረታኸው። አስነጋሪው ያቃናል! ዜማው ካልሄደ አልሄደም ይላል። የአሜሪካኖቹ ፍልስፍና ግን ሌላ ነው። ስቲቨን ኖርዝ የተባለው የጽሑፍ ትምህርት ምሁራቸው በ1984 እ.ኤ.አ. በጻፈው ዝነኛ መጣጥፍ ማዕከሉ የሚያሻሽለው ጽሑፉን ሳይሆን ጸሐፊውን ነው ብሏል። ያማረ ነገር ነው። የእኛ ልጅ ግን እንግሊዝኛን ከእናቱ አልሰማውም። ያልሰማውን ሰዋስው «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ማለት ማላገጥ ነው።

አቅራቢው፦ እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። እዚያም ቢሆን ለሁለተኛ ቋንቋ ጸሐፊ ጥያቄ ብቻ አይበቃም የሚሉ ብዙ ናቸው። እንዲያውም ሥልጠና ያስፈለገው ለዚሁ ነው፤ መቼ ጠይቆ ዝም እንደሚል፣ መቼ ደግሞ ቁርጡን እንደሚናገር እንዲለይ። ያልሠለጠነ ሰው ረቂቅ ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ኮማ ላይ ነው። አንቀጹ መሠረት የለው እንደሆነስ? ኮማውን ለቅሞ ይሸኘዋል። ስለዚህ ጥቂት ሳምንት የሌላውን ምክክር ጥግ ተቀምጦ ይይ፣ ከዚያ እሱ ሲያማክር ይታይ።

የጤና ተማሪ፦ ማን ነው የሚያየው? ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት ሲጀምር ጀምሮ ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣል፤ ግን ተቆጣጣሪ አለው። ብቻውን በሽተኛ ላይ አይለቀቅም። እዚህ ተቆጣጣሪው ካልታወቀ እኔ የለሁበትም።

የማስተርስ ተማሪዋ፦ እኔ ደግሞ ክፍያው ካልታወቀ የለሁበትም። «ልምድ ታገኛላችሁ» በሚል ብዙ ሠርተናል።

መምህሩ፦ ክፍያውን እኔ አልወስንም። ሐሙስ ከሰዓት ግን ቢሮዬ ክፍት ነው። ሁለታችሁ አንድ ረቂቅ ይዛችሁ ኑና አማክሩ፣ ጥግ ይዤ አያለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬን ግን አልጥልም።