ድንጋይ ሊወጣበት ያለውን የዱር ሽንኩርት እንዴት ላትርፈው?

ጠያቂ፣ ከአንኮበር፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ ግጦሽ በላይ ባለው ድንጋያማ ተረተር ላይ ቅጠሉ ቀጭን፣ አበባው ነጭ የሆነ የዱር ሽንኩርት አለ። ሃያ እግር አይሞላም፤ በአካባቢው ሌላ ቦታ ፈልጌ አጣሁት። ከመስቀል በኋላ ለቤት መሠረት ድንጋይ ሊወጣበት ነው። አሁን አብቧል። ነቅዬ ጓሮ ልትከለው? ጓሯችን መረሬ፣ ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው።

የመንዝ ገበሬ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ሽንኩርት መሆኑን አረጋግጪ። ኮረት፣ ማለትም ከመሬት በታች እንደ ሽንኩርት ራስ ያለ፣ ያለው ሁሉ ሽንኩርት አይደለም፤ የጅብ ሽንኩርት የምንለው መርዝ ነው። ቅጠሉን በጣትሽ እሺው። ሽንኩርት ሽንኩርት ካልሸተተ ማንም እንዳይቀምሰው።

ጠያቂ፦ አሸሁት፣ አባቴ። እጄ እስከ ማታ ነጭ ሽንኩርት ሸተተ።

አትክልተኛ፣ ከደብረ ብርሃን፦ እንግዲያው ሽንኩርት ነው። በአበባው ግን አትንቀይው፤ ኮረቱ ስንቁን የሚይዘው ቅጠሉ እስኪደርቅ ድረስ ነው። መረሬ ላይ ደግሞ ውሃ ይተኛበትና ይበሰብሳል። ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፤ አፈሩንም ጠጠሩንም ከዚያው ከተረተሩ አምጪ። ቅጠሉ ሲደርቅ ከነአፈሩ አንሺና ትከይው። በበጋ ስለሚያንቀላፋ ውሃ አታጠጪው።

የመንዝ ገበሬ፦ መደቡ ይሠራ፤ እኔ ግን ተረተሩን ባትነኩት እላለሁ። የመንዝን የጋራ ሣር ምድር፣ ጓሳን፣ ለዘመናት ያቆየነው ቄሮ በሚባለው የአባቶች የሣር መጠበቂያ ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋን እንጂ ወደ ጓሮ አምጥተን አይደለም። አያትሽን ለምኛቸው፤ ድንጋይ ሌላ ቦታም ይገኛል።

የዕፅዋት ተማሪ፦ በአገራችን ከሚበቅሉት የዱር ሽንኩርቶች አንዱ፣ አበባው ነጭ የሆነው አሊየም ስፓታሴየም፣ በኤርትራና በሶማሊያም ይገኛል። ያንቺ እርሱ መሆኑን በፎቶ ብቻ መወሰን አይቻልም። አንድ እግር ብቻ ከነአበባውና ከነኮረቱ በጋዜጣ መካከል ጠፍጥፈሽ አድርቂ፤ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን ጻፊበት። አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርበሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) እንዲህ ያለውን ናሙና የሚለዩ ባለሙያዎች አሉት።

ጠያቂ፦ አያቴ እሺ አሉ! ድንጋዩ ከወንዙ ዳር ይወጣል። ዘሩንስ ልሰብስብ?

አትክልተኛ፣ ከደብረ ብርሃን፦ እሰየው! የአበባው ፍሬ ደርቆ ሲሰነጠቅ ጥቁሩን ዘር ልቀሚ፤ ግማሹ ግን እዚያው ይርገፍ። ከዘር የበቀለው እስኪያብብ ሁለት ሦስት ዓመት ሊወስድ ስለሚችል፣ አረም መስሏቸው እንዳይነቅሉት መደቡን በድንጋይ ክበቢው።