የጨቅላ ልጅ ማጠቢያ ውስጥ ያለው «ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን» ያሰጋል?

የደብረ ብርሃኗ አራስ፦
እህቶቼ፣ ልጄ ገና ወር አልሞላትም። የኛ አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቁርጭምጭሚቷ ደርቆ ይላጣል። የተገዛላት ማጠቢያ ላይ «ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን» እና «ዴሲል ግሉኮሳይድ» ይላል። ስሙ ራሱ አስፈራኝ። አማቴ ደግሞ «የልብስ ሳሙና ምን አለው?» ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

ፋርማሲስቷ ከሸዋ ሮቢት፦
እንኳን ማርያም ማረችሽ! ስሙ አያስደንግጥሽ። ሁለቱም ለስላሳ አጣቢዎች ናቸው፤ ዴሲል ግሉኮሳይድ ከስኳርና ከዕፅዋት ዘይት የሚሠራ ነው። ቤታይኑ ጥቂት ሰዎች ላይ አለርጂ ያስነሳል፤ ስለዚህ ቀላ ካለች ወይም ሽፍ ካለባት አቁሚው። የልብስ ሳሙናውን ግን እባክሽ ተዪው። ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 9 እና 10 ይደርሳል፤ የጤናማ ቆዳ 5.5 አካባቢ ነው። የጨቅላ ቆዳ ስስ ነው፣ መከላከያውን ገና እየሠራ ነው፤ ሳሙናው ያችኑ ወዙን ያጥብባታል። በመጀመሪያ ሳምንታት መላጥ ደግሞ የተለመደ ነው። ሽታ ያለውንና «ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት» (ጠንከር ያለ አጣቢ) የሚለውን አትግዢ።

የመንዟ እናት፦
በዚህ ብርድ በየቀኑ የምታጥቢያት ከሆነ ተዪው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል፣ ለብ ባለ ውሃ። አንገቷ ሥር ወተት የሚጠራቀምበትን እጥፋት ግን በየቀኑ ጥረጊላት። ከዚያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢያት።

የደብረ ብርሃኗ አራስ፦
ኑሩልኝ! አሁን ጠርሙሱን አየሁት፣ መጨረሻው ላይ «ፓርፉም» ይላል።

ፋርማሲስቷ፦
እሱ ሽቶ ነው፤ ሌላ ቀይሪ። መግል፣ ትኩሳት ወይም ጡት እምቢ ማለት ካየሽ ግን ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።