ሆላንድ፣ እንግሊዝ፣ አሁን ደግሞ አሜሪካ? ተራው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

የካዛንቺሱ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም "የአሜሪካ ዘመን አበቃ፣ ዓለምን መምራት ተራ ነው፣ ሆላንድም ወድቃለች እንግሊዝም ወድቃለች" ይላል። ቻይና በመግዛት አቅም (የየአገሩ የዋጋ ልዩነት ታስቦ) ሲለካ አሜሪካንን ካለፈች ቆየች፣ ታዲያ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ለምን አሁንም "ዶላር ስንት ገባ" ብቻ ነው የሚጠይቀው? የቻይናው ዩዋን ስንት ገባ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም ሃሃ

ተራ አንባቢ፦ ወንድሜ ጉልበት ይቀድማል ገንዘብ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። አሜሪካ በኢኮኖሚ እንግሊዝን ያለፈቻት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ፓውንድ ግን ከዛ በኋላም ስንት አመት ነገሰ፣ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች እንግሊዝን በዕዳ እስኪያጎብጧት ድረስ። በ1946 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከአሜሪካ የተበደረችውን 3.75 ቢሊዮን ዶላር ከፍላ የጨረሰችው እኮ በ2006 ነው! ጉዱ የለየው ደግሞ በ1956 ስዌዝ ላይ። የግብፁ መሪ ናስር የስዌዝን ቦይ ሲወርሰው እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ሆና ገባች፣ ጦርነቱ እየቀናት ነበር፣ ግን ፓውንድ ሲንገዳገድ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) ብድር እንዳታገኝ አደረጋት፣ አንድ ጥይት ሳይተኩስ አስወጣት በቃ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢደንም በጥር 1957 ስልጣን ለቀቀ።

ሙሉ፦ ገንዘብ ዘግይቶ ነው ላልከው፣ አያቴ ሳጥን ውስጥ አንዲት ጠገራ ብር አለች፣ 1780 ይላል። ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዛው አመት ነው፣ ቀኑ ግን ሳይቀየር መታተሙ ቀጠለ፣ የኛ ነጋዴ እኮ ሴትየዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንቁዎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው! የምኒልክ ብር መጥቶ እንኳ ገበያው ጠገራን አልለቀቀም። የኦስትሪያ ግዛት በ1918 ፈረሰ፣ ጠገራ ግን እዚህ እስከ 1940ዎቹ ስትገበያይ ነበር። ጭራሽ በ1935 ሙሶሎኒ ሊወረን ሲዘጋጅ የማተም መብቱን ከቪየና ወሰደ፣ ከዛ እንግሊዞችም ለንደን ላይ ማተም ጀመሩ።

ዘሪሁን ነኝ፦ ሙሉ፣ ያንቺ ቆንጆ ነው፣ ግን ስዌዝን አሁን ካለው ጋር ማመሳሰሉ አይዋጥልኝም። እንግሊዝ ያለባት የሰው ገንዘብ ነበር፣ አሜሪካ የተበደረችው በራሷ ዶላር ነው፣ ማን ነው እሷን እንደዛ አንቆ የሚይዛት? ቻይናም ገንዘብ ካገሯ ሲወጣ ሲገባ ትቆጣጠራለች፣ ለማውጣት ፈቃድ የምትለምንበት ቦታ ገንዘብህን ታስቀምጣለህ? እኔ አላስቀምጥም።

የካዛንቺሱ፦ ይሄኛው ገባኝ። ሙሉ እስቲ የጠገራዋን ፎቶ ለጥፊልን፣ እንቁዎቹን እንቁጠራቸው