ጅማ ላይ ለትንሽ ትራክተር ሃይድሮሊክ ዕቃ ማስገጠም፦ ምኑ እዚህ ይሠራ፣ ምኑ ከአዲስ አበባ ይምጣ?

ጥያቄ፦ የ35 ፈረስ ጉልበት ትራክተር አለን። ማረሻ ከኋላ በሁለት የታች ክንድና በአንድ የላይ ክንድ በሚያዝበት ባለሦስት ነጥቡ ማያያዣ ላይ በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) የሚረዝምና የሚያጥር ቶፕ ሊንክ (የላይኛው ክንድ)፣ በኋላም በሃይድሮሊክ የሚገለበጥ ማረሻ ማስገጠም እንፈልጋለን። ለቡና ችግኝ ጉድጓድ መቆፈሪያም እናስባለን። አሁን ያለው ማንሻው ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ የወጣ የዘይት መስመር የለም። ቫልቭ፣ ሆስና ፒን ጅማ ይሠሩ ወይስ ከአዲስ አበባ ይገዙ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናውን ገንዘብ ቫልቩ ላይ አውጣ። በአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ዘይቱ ሥራ በሌለበትም ሰዓት ይዞራል፤ ከፓምፕ ወደ ማንሻው፣ ከማንሻው ወደ ጋን (የዘይት ማጠራቀሚያው)። አዲሱ ቫልቭ የሚገባው በፓምፑና በማንሻው መካከል ነው። ስለዚህ ወደ ማረሻውና ወደ ቶፕ ሊንኩ ከሚሄዱት አራት መስመሮች ሌላ ሦስት አፍ ሊኖረው ይገባል፦ የፓምፕ መግቢያ፣ ወደ ማንሻው ማለፊያ፣ ወደ ጋን መመለሻ። ማለፊያ የሌለውን «ያው ነው» ብሎ የሚሸጥልህን እለፈው። ማንሻው ከባድ ነገር ሲያነሳ የሚፈጠረው ግፊት ለመመለሻ በተሠራው የቫልቩ ክፍል ላይ ያርፋል፤ ማሸጊያው ይፈነዳል፣ አካሉም ሊሰነጠቅ ይችላል። መመለሻውን ሳታቀጥን በቀጥታ ወደ ጋን ውሰደው።

ትራክተሩ ማሴ ፈርጉሰን 135 ዓይነት ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። የእሱ ፓምፕ ትራንስሚሽኑ ውስጥ ተነክሮ የተቀመጠ ነው፤ የሚቆጣጠሩትም በመምጠጫው በኩል ስለሆነ ማንሻው ሲበቃው ፓምፑ ዘይት መሳብ ያቆማል። ለእሱ ሌላ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ለቶፕ ሊንኩ 63 ሚሊ ውስጠ ስፋት ያለው ሲሊንደር በቂ ነው። በ160 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 5 ቶን ይገፋል። 200 ሚሊ ለመሄድ የሚወስደው ዘይት ግን 0.6 ሊትር ብቻ ነው፤ ፓምፑ በደቂቃ 25 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይጨርስና ማረሻውን ያወረውረዋል። ስለዚህ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ አስገባበት። ሲሊንደሩ ላይ በቀጥታ የሚታሰር መቆለፊያ ቫልቭም አይቅር። ያለሱ ዘይቱ በዋናው ቫልቭ በኩል በጥቂት በጥቂቱ ያፈተልካል፣ ቶፕ ሊንኩ በሥራ መሀል ርዝመቱን ይለቃል፣ የእርሻው ጥልቀት ከትልም ትልም ይለያያል። አሁን የምትጠቀምበትን ቶፕ ሊንክ በሥራ ላይ እያለ ከፒን እስከ ፒን ለካና ያ ልክ የአዲሱ ሲሊንደር መሀል ላይ እንዲውል አድርገህ ግዛ።

ሌላ መልስ፦ ስለ ቫልቩ የተባለው ልክ ነው። የእኔ ጥቆማ ቫልቩንና ኩፕሊንጉን (ሆሱን ከትራክተሩ ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ) ምርጫ ከሚበዛበት ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ፣ ሆሱንና ፒኑን ግን ከጅማ ነው። የሆስ ርዝመት የሚለካው ትራክተሩ ላይ ነው፤ ማንሻው ከታች እስከ ላይ ሲሄድ፣ ማረሻውም ሲገለበጥ። በግምት አስቆርጠህ ከመጣህ አሥር ሳንቲ ሜትር ለጎደለው ሆስ 350 ኪሎ ሜትር ልትመለስ ነው።

ሆስ የሚፕረስልህን ቤት በዋጋ ብቻ አትምረጥ፤ ሲሠሩ ቆመህ እይ። ከቆረጡ በኋላ ውስጡን በአየር ያጸዳሉ? ፊቲንጉን (የሆሱ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ብረት) ከፕረስ በኋላ በካሊፐር ይለካሉ? «ጠብቋል» ብሎ በዓይን የሚያልፍ ቤት የሠራው ሆስ በመጀመሪያው ከባድ ጭነት ከፊቲንጉ ሊወልቅ ይችላል። ባለሁለት ሽቦ ሆስ ጠይቅ፦ የግማሽ ኢንቹ 275 ባር፣ የሦስት ስምንተኛው 330 ባር ይችላል። ባለአንድ ሽቦው ግማሽ ኢንች 160 ባር ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከጫፍ ላይ ነው። በፋሼታ የታሰረ ሆስ ለመመለሻ ካልሆነ በስተቀር ጨርሶ አይታሰብ።

በጣም የሚያታልለው የፊቲንጉ ጥርስ ነው። የግማሽ ኢንች የእንግሊዝና የአሜሪካ ጥርስ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አላቸው። አንዱ ሌላው ላይ ይገባል፣ ይጠብቃልም፤ ማዕዘናቸው 55 እና 60 ዲግሪ ስለሆነ ግን ግፊት ሲመጣ ያንጠባጥባል። መፍትሔው ቴፍሎን መጠቅለል አይደለም፤ ቁራጩ ተበጥሶ ቫልቩ ውስጥ ይቀረቀራል። የድሮውን ፊቲንግ ፈትተህ በኪስህ ይዘህ ሂድና እሱን አስመስለህ ግዛ።

ፒኑን ጎበዝ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል፤ ከፌሮ ግን አታስቆርጥ፣ ይጎብጣል። በዚህ ጉልበት ላይ የተለመደው ልክ ለታችኛው ክንድ 22 ሚሊ፣ ለቶፕ ሊንክ 19 ሚሊ ነው። የማረሻው የታች ፒን 28 ሚሊ ከሆነ ትልቅ ትራክተር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፒን ቀይሮ ከማስገጠም በፊት ክብደቱን ጠይቁ። የማንሻውን አቅም ስታዩም ከክንዱ ጫፍ 61 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የተለካውን ቁጥር ውሰዱ፤ ጫፉ ላይ የተለካው ሁልጊዜ ይበልጣል። ማረሻው ተነስቶ መሪው ከቀለለ ፊት ላይ ክብደት ጨምሩ።

ጥያቄ፦ እናመሰግናለን። የጉድጓድ መቆፈሪያውስ በሃይድሮሊክ ሞተር የሚዞረው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም፤ በካርዳን (የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ በሚያወጣው ዘንግ) የሚዞረውን ግዙ። 25 ሊትር በ160 ባር ሲባዛ ወደ 9 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ካርዳኑ ከዚያ በጣም የበለጠ ይሰጣል፣ ዘይቱም አይግልም። የካርዳኑ መከላከያ ቦሎን ሲበጠስ በጠንካራ ቦሎን አትተኩት፤ ሥር ወይም ድንጋይ ሲይዘው በቦሎኑ ፈንታ ማርሹ ይሰበራል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ያለ ጭነት፣ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከጫፍ እስከ ጫፍ አምስት ስድስት ጊዜ መልሱት፤ አየሩ ይወጣል። ከዚያ የሲሊንደሮቹን ዘንግ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ሞተሩን አጥፉና ዘይቱን ለኩ፤ አዲሶቹ ሆሶችና ሲሊንደሮች የጠጡት መጨመር አለበት። የሚያፈስ ቦታ በእጅ አይፈለግም፤ በቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባልና ካርቶን አስጠጉበት። እንዲህ ዓይነት ጉዳት የደረሰበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ።

በጅማ ክረምት ኩፕሊንግ ያለ ክዳን አንድ ሌሊት አይደር። ቀዩ ጭቃ ከገባበት በሚቀጥለው ማገናኘት ቀጥታ ወደ ቫልቩ ይሄዳል። ማረሻውን ለጎረቤት የምታውሱ ከሆነ መጀመሪያ የእሱን ትራክተር ዘይት በዲፕስቲኩ እዩ፤ ነጭ ወተት ከመሰለ ውሃ አለበት፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ሆኖ ወደ እናንተ ጋን ይመጣል።